ስታንሊ ሂለር፦ ከበርክሌ የተነሣው ሄሊኮፕተር ሠሪና ቁስለኛን የማዳን ፈተና

በአውሮፓውያኑ ጁላይ 4 ቀን 1944 በካሊፎርኒያዋ በርክሌ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ሜሞሪያል ስታዲየም ውስጥ አንዲት ቢጫ ቀለም የተቀባች ትንሽ ሄሊኮፕተር ያለ ገመድ ከመሬት ተነሣች። አብራሪዋም፣ ንድፏን ያወጣውም፣ ያሠራትም አንድ ሰው ነበር። ስሙ ስታንሊ ሂለር ሲሆን፣ ዕድሜው ገና 19 ዓመት ነበር።

ያ ወጣት በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ከሁለት ሺህ በላይ ሄሊኮፕተሮችን ያመረተ ኩባንያ መሪ ሆነ። ማሽኖቹም ከኢንዶቻይና ረግረግ እስከ ኮሪያ ተራሮች ቁስለኞችን ተሸክመው በረሩ። ይሁንና ሕይወቱን ሙሉ የተከተለው ጥያቄ አንድ ነበር። የሰው ነፍስ ለማዳን የሚሻለው የተፈተነው አሮጌ ማሽን ነው ወይስ ብዙ ተስፋ የተጣለበት አዲሱ? ለዚህ ጥያቄ እሱ ራሱ በተለያየ ጊዜ የተለያየ መልስ ሰጥቷል። 

ከመጫወቻ መኪና እስከ ፋብሪካ

ስታንሊ ሂለር በኖቬምበር 1924 በሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ያደገው ግን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በምትገኘው በርክሌ ነው። ዛሬ በርክሌንና ኦክላንድን የሚያገናኘው የቴሌግራፍ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚታዩበት፣ አማርኛም የሚሰማበት ሰፈር ሆኗል። በሂለር የልጅነት ዘመን ከተማዋ በዋናነት የምትታወቀው በዩኒቨርሲቲዋ ነበር።

አባቱ በመርከብ ንግድ የተሰማሩ፣ አውሮፕላን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ራሳቸው የሠሩትን አውሮፕላን ያበረሩ ሰው ነበሩ። ልጁም የአባቱን ዝንባሌ ወረሰ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በሞተር የሚሄዱ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎችን ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ንግዱ እየሰፋ ሄዶ ሂለር ኢንዱስትሪስ የተባለ ኩባንያ ወለደ።

የመኪናዎቹን አካል ለማምረት አሉሚኒየም እያቀለጠ በቅርጽ የሚያወጣበትን ዘዴ አሻሻለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይኸው ዘዴ ለአውሮፕላን ክፍሎች ማምረቻ ተፈለገ። የመጫወቻ መኪና ይሠራ የነበረው ወጣት የመንግሥት ትእዛዝ የሚቀበል አምራች ሆነ። ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ገና በልጅነቱ ቢሆንም ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ልቡ ያረፈው በሄሊኮፕተር ላይ ነበር።

ጅራት የሌላት ሄሊኮፕተር

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሄሊኮፕተር መንገድ የተቀየሰ ይመስል ነበር። ከሩስያ የተሰደደው ኢጎር ሲኮርስኪ በ1939 አንድ ትልቅ ሮተር ከላይ፣ አንድ ትንሽ ሮተር ከጅራት ላይ ያለውን ማሽን አስነሥቷል። የጅራቱ ሮተር አስፈላጊነት ግልጽ ነው። ከላይ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የሄሊኮፕተሩ አካል በተቃራኒው ሊዞር ይፈልጋል፤ ይህን የሚገታው የጅራቱ ሮተር ነው።

ለሂለር ግን ይህ ብክነት ነበር። ሞተሩ ከሚያመነጨው ኃይል ከፊሉ ማሽኑን ከፍ ለማድረግ ሳይሆን እንዳይሽከረከር ለመያዝ ብቻ ይውላል። ከዚህም በላይ ጅራት ላይ የሚዞር ስለት በአቅራቢያው ላለ ሰው አደጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ሮተሮችን በአንድ ዘንግ ላይ፣ አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞሩ ነደፈ። የአንዱ ጉልበት የሌላውን ያጣፋል፤ ጅራት ላይ ሮተር አያስፈልግም።

ጦርነቱ እየተካሄደ ስለነበር ሞተርና ብረት እንደልብ አይገኝም። ሂለር ወደ ዋሽንግተን ሄዶ የመንግሥት ሹማምንትን ማሳመን ነበረበት። ከዚያም 90 የፈረስ ጉልበት ያለው ፍራንክሊን ሞተር አግኝቶ ማሽኗን አሠራ። ስሟም ኤክስኤች-44 ተባለ። የማብረር ትምህርት የሚሰጠው ሰው ስላልነበረ በራሱ ማሽን ላይ ራሱን አስተማረ። በመጀመሪያ በገመድ ታስራ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለች ተሞከረች። የቤቱ ግቢ ሲጠብ ሰፊ ሜዳና ዙሪያ ግንብ ያለው ስታዲየም ተመረጠ።

በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ሂለር ማሽኗን በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ አሳየ። በአሜሪካ ምድር በተሳካ ሁኔታ የበረረች የመጀመሪያዋ ባለ ጥንድ ተቃራኒ ሮተር ሄሊኮፕተር ነበረች። ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም የአየርና የኅዋ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች።

በርማ ያስተማረችው

የበርክሌው ሙከራ ከመደረጉ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በሌላ የዓለም ጥግ ሄሊኮፕተር ለምን እንደሚያስፈልግ ታይቶ ነበር። በኤፕሪል 1944 መጨረሻ የአሜሪካው መኮንን ካርተር ሃርማን በሲኮርስኪ ሄሊኮፕተር ከጃፓን ጦር መስመር ጀርባ የወደቀ አንድ አብራሪንና ሦስት የብሪታኒያ ቁስለኞችን ከበርማ ጫካ አወጣ።

አራቱን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀበት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ መሸከም አልቻለም፤ ሞተሩም በሙቀቱ ይግል ነበር። ሞቃት አየር ሳስቶ ስለሚገኝ ሮተሩ የሚደገፍበት ነገር ያንሰዋል። ከፍታ ሲጨምርም እንደዚያው ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱትን የሰሜን ተራሮችን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ችግር ለመረዳት አይቸገርም። በባሕር ዳርቻ እንደልቡ የሚበር ሄሊኮፕተር እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ቁስለኛ መጨመር ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ ለነፍስ አድን ሥራ የሚሆን ሄሊኮፕተር ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የማሽኑ ዕድሜ አልነበረም። ሰውየው በወደቀበት ቦታ፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ከፍታ፣ ጭነቱን ይዞ መነሣት ይችላል ወይ የሚለው ነበር።

ወደ ኋላ የተመለሰ ፈጣሪ

የሂለር ሙከራ የታላቁን የመርከብ ሠሪ የሄንሪ ካይዘርን ዓይን ሳበ። ከበርክሌ በስተሰሜን ባለችው ሪችመንድ የካይዘር የመርከብ መሥሪያዎች በጦርነቱ ወቅት 747 መርከቦችን ሠርተዋል። ሂለርና ካይዘር በ1944 በጋራ ሥራ ጀመሩ፤ ሽርክናው ግን አልዘለቀም። ሂለር በ1945 ተለይቶ ዩናይትድ ሄሊኮፕተርስ የተባለውን የራሱን ኩባንያ በፓሎ አልቶ አቋቋመ።

እዚያም በሕይወቱ ከወሰናቸው ከባድ ውሳኔዎች አንዱን ወሰነ። ዝና ያተረፈበትን የጥንድ ሮተር ንድፍ ትቶ፣ አባካኝ ነው ብሎ ወደ ነቀፈው ንድፍ፣ ማለትም አንድ ዋና ሮተርና የጅራት ሮተር ወዳለው ተመለሰ። ንድፉ በአሠራሩ የቀለለ፣ ለገበያም የቀረበ ነበር።

የራሱን አስተዋጽዖ ግን አከለበት። ከዋናው ሮተር ጋር አብረው የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ቅዘፊዎችን ገጠመ። አብራሪው መሪውን ሲያንቀሳቅስ በቀጥታ የሚያዘው ቅዘፊዎቹን ነው፤ ዋናውን ሮተር የሚያዘነብሉት እነሱ ናቸው። ሮተርማቲክ የተባለው ይህ ዘዴ ሄሊኮፕተሩን ከማርጋቱ የተነሣ አብራሪው እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ማሳየት ቻለ። ዘዴው በርቀት መቆጣጠሪያ በሚበሩ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ሂለር 360 በ1948 የመንግሥት የብቃት ማረጋገጫ አገኘ። አዲስነትን ይሰብክ የነበረው ወጣት ገበያውን የከፈተው የቀድሞውን መንገድ በማሻሻል ነበር።

ሐኪሟ አብራሪ

በ1950 የፈረንሣይ ጦር በኢንዶቻይና ለቁስለኛ ማመላለሻ ሁለት ሂለር 360 ሄሊኮፕተሮችን አስመጣ። ማሽኖቹ መሣሪያም ሆነ ብረት ለበስ መከላከያ አልነበራቸውም። ቁስለኞቹ ከአካሉ ውጪ፣ ግራና ቀኝ በተገጠሙ ቃሬዛዎች ላይ ይታሰራሉ። አብራሪው በጉዞ ላይ ሊረዳቸው አይችልም።

ሂለርን በጦር ሜዳ ስመ ጥር ያደረገችው ፈረንሣዊቷ የጦር ሐኪም ቫለሪ አንድሬ ናት። ቀዶ ሕክምናም፣ ከአውሮፕላን በጃንጥላ መዝለልም የምታውቅ መኮንን ነበረች። ሄሊኮፕተሩን ስታይ ፈረንሣይ ተመልሳ ማብረር ተማረች። የሂለር ሞተር አቅም ውስን በመሆኑ ቀላል ክብደቷ ራሱ ጥቅም ነበረው፤ ከአብራሪው ክብደት የተረፈው ለቁስለኛው ይሆናልና።

አንድሬ በ129 የሄሊኮፕተር ተልእኮዎች 165 ቁስለኞችን እንዳዳነች ተመዝግቧል። በጦርነት ቀጠና ሄሊኮፕተር ካበረሩ ሴቶች ቀዳሚዋ ሆና የምትጠቀስ ሲሆን፣ በ1976 በፈረንሣይ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ጄነራል ሆናለች። በጃንዋሪ 2025 በ102 ዓመቷ አርፋለች።

ኮሪያና የቃኘው ዘመን

በዚያው በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ የአሜሪካ ጦር ኤች-23 ሬቨን ብሎ የሰየመውን የሂለር ሄሊኮፕተር ከቤል ኤች-13 ጋር አሰማራ። ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ደርሶ በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፏል። በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ሲሰዉ 536 ቆስለዋል።

ተራራማ በሆነችው ኮሪያ በመንገድ ሰዓታት የሚወስደው ጉዞ በሄሊኮፕተር ወደ ደቂቃዎች አጠረ። በጦርነቱ ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች በሄሊኮፕተር ተጓጉዘዋል። ሆስፒታል ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች መካከል የሚሞቱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 4.5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በኮሪያ ወደ 2.5 በመቶ ወረዱ። ለዚህ የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች፣ የደም አቅርቦትና አዳዲስ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። የሄሊኮፕተሩ ሚና ግን ቁስለኛውን ነፍሱ ሳትወጣ ለሐኪሞቹ ማድረስ ነበር።

አዲስ ነገር ፍለጋ

ከአሮጌው ንድፍ ትርፍ ያገኘው ሂለር አዲስ ነገር መሞከሩን አላቆመም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆርኔት የተባለችውን ሠራ። በሮተሯ ጫፎች ላይ ትንንሽ የጄት ሞተሮች ስለተገጠሙላት የጅራት ሮተር ጉልበት አያስፈልጋትም፤ አሠራሯም ቀላል ነበር። ነዳጅ አጠጣጧ ግን ከልክ ያለፈ በመሆኑ ሩቅ መሄድ አልቻለችም። ወድቆ ወደሚጠብቅ ሰው ደርሶ መመለስ ያልቻለ ማሽን ደግሞ ምንም ያህል ብልሃት ቢኖረው ለነፍስ አድን አይሆንም።

ሮተርሳይክል የተባለችው ሌላዋ ሥራው ዓላማዋ ራሱ ማዳን ነበር። ታጥፋ በጃንጥላ ከጠላት ወገን ለወደቀ አብራሪ የምትጣል፣ እሱም በደቂቃዎች ገጣጥሞ የሚያመልጥባት የአንድ ሰው ሄሊኮፕተር ነበረች። ብትበርም ለመደበኛ አገልግሎት ሳትውል ቀረች። ቆሞ የሚጋለብ በራሪ መድረክና ክንፉ የሚያዘነብል ትልቅ አውሮፕላንም ከፋብሪካው ወጥተው የሙከራ ሥራ ሆነው ቀርተዋል።

ዋጋ የወሰነው ጨረታ

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከተርባይን ሞተር ነበር። ተርባይን ተመሳሳይ ጉልበት ካለው የፒስተን ሞተር እጅግ ይቀላል፤ የተቀነሰው ክብደት ለሰው መጫኛ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር ለቁስለኛ ማመላለሻ ብሎ ካወጣው ውድድር የተወለደው የቤል ዩኤች-1፣ በቅጽል ስሙ ሂዩይ፣ በ1956 በረረ። ቁስለኞቹ ከውጪ መታሰራቸው ቀርቶ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ረዳት ሐኪም በጉዞ ላይ ደም እያቆመ አብሯቸው መጓዝ ቻለ።

በ1960 ጦሩ የፒስተን ሞተር ያላቸውን የቤልና የሂለር ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች የሚተካ ባለ ተርባይን ቀላል ሄሊኮፕተር ፈለገ። አሸናፊው በሺዎች የሚቆጠር ትእዛዝ ሊያገኝ ስለሚችል ለሂለር ኩባንያ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነበር። ኦኤች-5 የተባለው የሂለር ሥራ በጃንዋሪ 1963 በረረ። ከሙከራው በኋላ ቤል ከውድድሩ ሲወጣ ሂለርና ሂዩዝ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

በ1965 ውሳኔውን የሰጠው ዋጋ ነበር። ሂዩዝ ያለ ሞተር ለአንዱ ሄሊኮፕተር 19,860 ዶላር፣ ሂለር ደግሞ 29,415 ዶላር ጠየቁ። ሂዩዝ አሸነፈ። የሂለር ወገን ዋጋው ከማምረቻው ወጪ በታች ነው ሲል አቤት አለ፤ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደረሰ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ቆይቶ የሂዩዝ ዋጋ ሲንር በ1967 ጨረታው እንደገና ተከፈተ። በዚህኛው ዙር ያሸነፈው ንድፉን አሻሽሎ የተመለሰው ቤል ነበር።

በዚያን ጊዜ ስታንሊ ሂለር ከሄሊኮፕተር ሥራ ወጥቶ ነበር። ኩባንያው በ1964 ለፌርቻይልድ ተሸጦ፣ ፈጣሪውም ብዙ ሳይቆይ ለቅቋል።

አሮጌው ሄሊኮፕተር በማይ ላይ

ተተኪው በተፈለገው ፍጥነት ባለመድረሱ አሮጌው ሬቨን በቬትናም መብረሩን ቀጠለ። ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች በማይ ላይ መንደር ያልታጠቁ ሰዎችን ሲጨፈጭፉ፣ በላያቸው ይበር የነበረው ሂዩ ቶምፕሰን የያዘው ይህንኑ የሂለር ሄሊኮፕተር ነበር።

ቶምፕሰን ሄሊኮፕተሩን በሚሸሹት የመንደሩ ሰዎችና በሚያሳድዷቸው የገዛ አገሩ ወታደሮች መካከል አሳረፈ። ባልደረቦቹ ላውረንስ ኮልበርንና ግሌን አንድሬዮታ ከጎኑ ነበሩ። ነገር ግን ሬቨን እነዚያን ሰዎች የሚጭንበት ቦታ አልነበረውም። ቶምፕሰን ባለ ተርባይን ሂዩዮቹን በሬዲዮ ጠራ፤ እነሱም አርፈው ሰዎቹን አወጡ። ቀጥሎም ከአስከሬን መካከል በሕይወት የተገኘ አንድ ሕፃን በትንሿ ሬቨን ተጭኖ ሆስፒታል ደረሰ።

በዚያ ቀን አዲሱ ብዙ ሰው መሸከም ቻለ። አሮጌው ደግሞ በቦታው ተገኘ፤ ያበረረውም ለመውረድ የወሰነ ሰው ነበር። ቶምፕሰንና ሁለቱ ባልደረቦቹ ለዚህ ተግባር የጀግንነት ሜዳይ የተሰጣቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1998 ነው፤ አንድሬዮታ ግን ሜዳዩን ለመቀበል በሕይወት አልነበረም።

ሁለተኛው ሕይወት

ሂለር ከሄሊኮፕተር ከወጣ በኋላ የከሰሩ ወይም የተዳከሙ ኩባንያዎችን ተረክቦ በማቃናት ታወቀ። የማቀዝቀዣ መሣሪያ አምራቹ ዮርክ ኢንተርናሽናልና የነዳጅ ቁፋሮ መሣሪያ ሠሪው ሪድ ቱል ከነዚህ መካከል ናቸው። የራሱን ኩባንያ ማትረፍ ያልቻለው ሰው የሌሎችን አተረፈ።

በ1998 በሳን ፍራንሲስኮና በፓሎ አልቶ መካከል በምትገኘው ሳን ካርሎስ በስሙ የሚጠራው የአቪዬሽን ሙዚየም ተከፈተ። በዚያ ለሽያጭ የበቁት ብቻ ሳይሆኑ ያልተሳኩ ሙከራዎቹም ለጎብኚ ይታያሉ። ስታንሊ ሂለር በኤፕሪል 2006 በ81 ዓመቱ አረፈ። ቶምፕሰን የሞተው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ነበር።

ሂለርን የተፈተነበት ምርጫ ዛሬም በዚያው በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሕያው ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በሳን ፍራንሲስኮ ጣቢያው ለዓመታት ያሰማራቸው ኤምኤች-65 ሄሊኮፕተሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያገለገሉ ዓይነት ናቸው። ማምረቻቸው በ2018 በመዘጋቱ መለዋወጫ ማግኘት እየከበደ መጣ። ስለዚህ ተቋሙ በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ትልቁና ርቆ ወደሚሄደው ኤምኤች-60 ለመዞር ወስኗል።

ተተኪው ግን ፍጹም አዲስ ንድፍ አይደለም። የዚህ ቤተሰብ ሄሊኮፕተሮች ተቋሙን ማገልገል የጀመሩት በ1990 ገደማ ሲሆን፣ አሁን ከሚገቡት መካከል ያገለገሉ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮችን አካል በማደስ የሚሠሩ ይገኙበታል። መለዋወጫው ይገኛል፤ መካኒኩ ያውቀዋል፤ ርቆ ሄዶ ብዙ ሰው ይዞ ይመለሳል። ሂለርም ጥንድ ሮተሩን ትቶ ወደ ጅራቱ ሮተር ሲመለስ የመዘነው ይህንኑ የመሰለ ጉዳይ ነበር።